በቀትር የቆመው ክሬን

ለዓመታት ይዤው የምዞር አንድ ጥያቄ አለኝ። ስንት ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ ዕቃ፣ ወደብ ከደረሰ በኋላ ለምን ይቆማል? በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ስለ ፍቅር፣ ስለ ኪራይና ስለ ፀጉር ሲጨነቁ እኔ ስለ ስንዴ መዘግየት እጨነቃለሁ። ተጨንቄም አልቀረሁ፤ ማስተርሴን ሠራሁበት። መንግሥታት ወደብ ሲያስፋፉ ኢኮኖሚያቸው ምን እንደሚጠቀም የሚተነትን፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ያነበቡት ጽሑፍ አለኝ። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛው አስተማሪዬ ናቸው፤ እሳቸውንም እጠራጠራለሁ።

ወደብ የሚያሰለች ነገር ይመስላችኋል? የያዛችሁት ስልክ፣ የለበሳችሁት ሹራብ፣ ቁርስ ላይ የበላችሁት ሙዝ በየት በኩል ገባና? ይቺ ለንደን ራሷ ወደብ ያሳደጋት ከተማ ናት። መርከቦቹ እየገዘፉ ሲሄዱ ጥልቅ ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዙ አፍ ወረዱ፤ የድሮዎቹ ማራገፊያዎች በረንዳ ያላቸው አፓርታማዎች ሆኑ። ድሮ ሻይ ቅጠል በጆንያ ይራገፍበት የነበረው ቦታ ዛሬ ሰዎች ከነውሻቸው ተቀምጠው ሻይ ይጠጡበታል። መንግሥታትም ወደብ ማስፋፋት ነፍሳቸው ነው፤ ሪባን ለመቁረጥ እንደ ወደብ የሚመች ሰፊ ቦታ የት ይገኛል?

እንግሊዞች ምን ተማርሽ ብለውኝ "ወደብ" ስላቸው በትሕትና ያዛጋሉ። የእኛ ሰዎች ግን አያዛጉም። ይህን የተረዳሁት ባለፈው ሐሙስ ነው።

ብሪክስተን ውስጥ በአንድ አዳራሽ ሐሙስ ሐሙስ የአረጋውያን ምሳ አለ። እናቴ ከአዘጋጆቹ አንዷ ናት። ከሚመጡት ግማሾቹ ኤርትራውያን፣ ግማሾቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ሃያ ዓመት አብረው በልተዋል። እንዴት ሳይጣሉ ቆዩ? በአንድ ሕግ፦ ገበታ ላይ ስለ ወደብ አይወራም። የተሳሳተ ሰው የአዳራሹን ስኒ በሙሉ ያጥባል። ጥንቃቄያቸው ከመብዛቱ የተነሳ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ብራይተን ሄደው የመጡ ሰው እንኳ "ውሃው አጠገብ ነበርን" ይላሉ እንጂ ባሕር የሚባል ነገር አይወጣቸውም።

እኔ ይህን ሕግ አላውቅም ነበር። ዓይን አፋር ነኛ! ከዚያ በፊት አዳራሹ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ ወጥ ቤት ተሸሽጌ መጽሐፍ ሳነብ ነው የዋልኩት። እናቴ ደግሞ ሕጉን ታውቃለች፣ ትምህርቴን አታውቅም። ለእሷ የተማርኩት "ኢኮኖሚክስ" ነው፤ ዝርዝሩን አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም። ስለ ትምህርትሽ ሃያ ደቂቃ ንገሪያቸው ስትለኝ፣ በሆዷ ስለ ፔንሽንና ስለ ጋዝ ክፍያ እንደማወራ ገምታ ነበር።

ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ተለማመድኩ። ቀኑ ደረሰ፣ ፕሮጀክተሩ በራ፣ ግድግዳውን የሚያህል ጽሑፍ ብቅ አለ፦ "ወደብ ለአንድ አገር ኢኮኖሚ ያለው ሚና።"

እናቴ ሻይ እየቀዳች ስለነበር ስኒው ሞልቶ ፈሰሰ።

ከፊት ለፊቴ ሁለት ሰዎች ዳማ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ጋሽ ተስፋይ ናቸው፤ የአሰብ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የባስ ሹፌር፣ ስትሪትሃም ውስጥ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ። ሌላው ሐጂ ከድር የደሴ ሰው ናቸው። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ወዳጆች ናቸው። የጋሽ ተስፋይ ዐይን እየደከመ ስለሆነ በየወሩ ሐኪም ቤት የሚወስዷቸው ሐጂ ከድር ናቸው፤ ባለቤታቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው ሌላ የሚወስዳቸው የለም። ሕጉ የወጣው እንዲህ ያለውን ወዳጅነት ለመጠበቅ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

እኔ ግን ከወረቀቴ ቀና አላልኩም። እያነበብኩ ጥያቄዬ ላይ ደረስኩ፤ ዕቃው የሚቆመው በክሬን እጥረት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ጋሽ ተስፋይ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ ክሬን አልጎደለም። ክሬኑ ነበረ። ላዩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ሐጂ ከድር ከዳማው ቀና ብለው የትኛው ክሬን ሲሉ፣ ጋሽ ተስፋይ ቢጫው አሏቸው። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት? አዎ፣ ላቤን የምጠርግበት። ሐጂ ከድር ብድግ አሉ።

"ወላሂ! ያቺን ጨርቅ ጭነት ስጠብቅ ከተሳቢዬ ሥር ተጋድሜ ሦስት ቀን አይቻታለሁ! ሰውየው የት ሄደ ስል ተኝቷል ይሉኛል!"

ጋሽ ተስፋይም ተነሡ። በአሰብ ቀትር ብረት ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ? እንቁላል ይጠብሳል እኮ! ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ማን ይሠራል? ደግሞስ እናንተ ሹፌሮች ተራ ሳትይዙ እየተጋፋችሁ!

ሐጂ ከድር በደላቸውን ዘረዘሩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የመጀመሪያ ልጃቸው ስም ሲወጣላት ሳይደርሱ ቀርተዋል። ሰሚራ ሊሏት ነበር። አባት ሲጠፋ አማታቸው የራሳቸውን ስም አወጡላት፤ ዘይነብ። "ይኸው ዕድሜ ልኬን ልጄን በጠራሁ ቁጥር አማቴን እጠራለሁ! አንተ ስለተኛህ!" ብለው ኮታቸውን አንስተው ወጡ። የዳማ ሰሌዳው ብቻ እንደተዘረጋ ቀረ።

እስቲ ፍረዱኝ። አዳራሹ በሙሉ የፈራው ወደቡ የማን ነው የሚለውን ጠብ ነው። ሁለቱ ግን የተጣሉት ስለ እንቅልፍ ነው! ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እዚያው ቦታ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እንደነበሩ አያውቁም ነበር፤ ሕጉ አፋቸውን ዘግቶት።

ስኒዎቹን በሙሉ አጠብኩ። ባስ ላይ እናቴ እስከ ስትሪትሃም ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦ "ስለ ፔንሽን ብታወሪ ምን ነበረበት?"

ረቡዕ የጋሽ ተስፋይ የዐይን ቀጠሮ ነበር። ሐጂ ከድር ስልክ አያነሱም ተባለ። ማን ሊወስዳቸው ነው? ይህን ሳስብ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ዕቃ ወደብ ላይ ለምን ይቆማል ብዬ ስንት መጽሐፍ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ግን ከእግሬ ሥር፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ሊፍት ውስጥ ባገኛቸው ቁጥር ጫማዬን እያየሁ ነው የማልፋቸው።

ስለዚህ ወሰንኩ። ወርጄ አንኳኳለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሐኪም ቤት እኔው እወስዳቸዋለሁ፣ መንገድ ላይም ሁሉንም እጠይቃቸዋለሁ። ለእኔ ቢጤ ይህ ወደብ ከማስፋፋት አያንስም፤ አንዷን ፎቅ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

በሩን ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ከፈቱ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። ተኝተዋል፤ አገሩ ቢቀየርም እስከ አሥር ሰዓት አይነሱም አሉኝ። ቀጠሮው አሥራ አንድ ላይ ነው። ገና ስምንት ሰዓት ነበር።

ዞር ስል ወደ ታች በሚወስደው ደረጃ ላይ ሐጂ ከድር ተቀምጠዋል፤ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከአዳራሹ ያመጡትን የዳማ ሰሌዳ ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ልጃቸው ዘንድ ደውለው በደላቸውን ሲነግሯት ሳቀችባቸው አሉ። "ስሜን እወደዋለሁ፤ ሰሚራ ቢሆን ይሻለኝ እንደሆነ መቼ ጠየቅኸኝ?" አለችኝ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ተስፋይን እንቀስቅሳቸው ይሆን አልኳቸው።

"ተዪው። ሦስት ቀን የጠበቅኩትን ሰው ሁለት ሰዓት መጠበቅ ያቅተኛል? አንቺም ከመጣሽ ተቀመጪ፤ ግን እኔ ነኝ የቀደምኩ" አሉኝ።

ደብተሬን አውጥቼ አንድ ደረጃ ከፍ ብዬ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ስለ ወረፋ መቶ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ተራ ይዤ ስጠብቅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።