ካርዱ ላይ ያልገባው ጤንነት

አማርኛ ቃል ቸገረው ብዬ አላማውም። ለዝናብ ብቻ ካፊያ፣ ወጨፎ፣ ዶፍ እያለ የሚያማርጥ ቋንቋ ነው። እንዲህ የጠገበ ቋንቋ «ደህንነት» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ምን ነክቶት እንደሰሰተ ግን እንጃለት። ጡብ እንዳይወድቅብህ የሚጠብቅህም ደህንነት፣ ምን እንዳወራህ የሚጠብቅህም ደህንነት! እስቲ ሰው የሞላበት ሻይ ቤት ግባና «ከደህንነት ነው የመጣሁት» በል። ስለ ራስ ቁር ልታስተምር መጣህ ብሎ የሚጠረጥር አንድ ሰው ካገኘህ እኔ ልቀጣ። ግማሹ ሻዩን ሳይጨርስ ይወጣል፤ የቀረው ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው እያለ መወያየት ይጀምራል። ይህን የምነግራችሁ አንብቤ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው።

ክልሉ ገና አዲስ በነበረ ጊዜ አሶሳ ውስጥ ያልተሾመ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ቢሮው ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ይሆንና ታፔላው ከቤቱ ይሰፋል። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ ንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጠረጴዛዬ ከምሳ በፊት የእኔ፣ ከምሳ በኋላ የግዢ ክፍሉ ነበረች። ሥራዬን ግማሽ ቀን ብቻ እንድሠራ የተፈቀደልኝ ደስተኛ ሰው ነበርኩ ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ከመሐል አገር፣ ከአንድ የምህንድስና ኮሌጅ፣ ደብዳቤ መጣ። ሰባት ተማሪዎች ክረምቱን በሚሠራው የቢሮዎች ሕንፃ ላይ የተግባር ልምምድ ሊያደርጉ ይመጣሉ ይላል። እሰየው ነው። ደብዳቤው ግን በዚያ አላበቃም፤ «የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኃላፊ ተመድቦ እንዲጠብቃቸው፣ አስፈላጊው የአደጋ መከላከያ ዝግጅትም እንዲሟላ» ብሎ ያልለመድነውን አመጣብን። የቢሮ ኃላፊያችን ያለንን ዝግጅት ቆጥሬ እንዳመጣ አዘዙኝ። ቆጠርኩ። የራስ ቁር አንድ አለ፤ እሱም እንግዳ ሲመጣ ኃላፊው ፎቶ የሚነሡበት ነው። ጓንት አንድ ጥንድ አለ፤ ሁለቱም የግራ ናቸው። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንም አለ፤ ቁልፉ ግን ፓዌ የተዛወረው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ኃላፊው አንብበው ሲያበቁ ፊታቸው በራ። «እንግዲህ ዝግጅት አለ ማለት ነው» አሉና ደብዳቤው ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስሜን ጻፉበት። በቃ፣ ተሾምኩ። «ሹመት ያዳብር» ያለኝ ዘበኛው ብቻ ነበር።

ተማሪዎቹ በሁለት ቀን መንገድ አቧራና ጭቃ ተለስነው ደረሱ። ስድስት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ሴቷ ዘነቡ ትባላለች፤ ወላጆቿ በሰፈራ ዘመን ከወሎ ፓዌ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ከቀበሌያቸው ኮሌጅ የረገጠች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ይዣቸው ወደ ሕንፃው ሄድኩ። ሕንፃው ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ መወጣጫው የቀርከሃ ርብራብ። ቀርከሃው ነውር የለበትም፣ የአሶሳ ቀርከሃ ዝሆን ይሸከማል። ጣጣው ማሰሪያው ላይ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የታሰረበት ልጥ ዝናብ ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ዝናብ ጠጥቶ የዛፍ ልጣጭ ይሁን የአይጥ ጎጆ መለየት ያስቸግራል።

ርብራቡን የሠሩት አናጺ ሼህ ሙሳ የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛ ለእሳቸው ከበርታና ከዐረብኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው (የእኔ በርታ ስንተኛዬ እንደሆነ አትጠይቁኝ)። ልጡን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይሄ ሞቷል። ልጥ በየጊዜው ይቀየራል። ሙት ሰው አይይዝም» አሉኝ። ለፎርማኑ ደጋግመው ነግረውታል፤ ፎርማኑ አቶ ታፈሰ ግን ርብራብ የሚወድቀው ሰው ሲጠራጠር ነው የሚል ሃይማኖት ነበረው።

ዘነቡ ቀና ብላ አየችና፣ «እኔ እዚህ ላይ አልወጣም» አለች።

«ካልወጣሽ የልምምድ ቅጽሽን አልፈርምም» አላት አቶ ታፈሰ፣ ቀዝቀዝ ብሎ።

ቅጹ ካልተፈረመ ዓመቱ ይወድቃል። ዓመቱ ከወደቀ ደግሞ መመለሻዋ ፓዌ ነው፤ ያውም ዶሮ አርደው፣ ጎረቤት ጠርተው የሸኟት ወላጆቿ ቤት። ነገሩ እንግዲህ አጥንቷን ወይስ ትምህርቷን የሚል ነበር። እኔ ጣልቃ ገብቼ ማሰሪያው ቢቀየር ምናምን ማለት ስጀምር፣ አቶ ታፈሰ ከእግር እስከ ራስ ለካኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ሥራ አታስፈታን» ብሎ ፊቱን አዞረ። ዘነቡም ወጣች። ርብራቡ እየተንቋቋ እሷ ስትወጣ፣ እኔ ከታች ቆሜ የማውቃቸውን ታቦቶች ሁሉ ጠራሁ። ኮሌጁ የጠየቀው የአደጋ መከላከያ ዝግጅት ያን ቀን እኔና ጸሎቴ ነበርን።

በማግስቱ መታወቂያ ካርዴ ደረሰ። ጸሐፊያችን በታይፕ ስትመታው «የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኃላፊ» የሚለው ካርዱ ላይ አልገባ ብሏት ሁለት ካርድ አበላሽታለች። ሦስተኛው ላይ ሙያዬን ከፊት፣ ጤንነቴን ከኋላ ቆረጠችልኝ። የቀረው «የደህንነት ኃላፊ» ሆነ። ላዩ ላይ ክብ ማኅተም አሳረፈችበትና «አሁን ያምራል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያምር ነበር።

አቶ ታፈሰ ካርዱን ሲያይ የሆነውን በቃል ለመግለጽ እቸገራለሁ። ሲጋራውን ረገጠ። ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ አላወቅኩዎትም ነበር» አለኝ። ትናንት አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጌታዬ! እኔ ስለ ማሰሪያው አንድ ቃል ሳልናገር፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ልጡ ሁሉ ተፈቶ ርብራቡ በሽቦ ታሰረ። ሰባት የራስ ቁር ደግሞ በሁለተኛው ቀን ከየት እንደመጣ አንድ እግዜር ይወቅ። ዘነቡ ስትወጣ በሽቦ የታሰረው ርብራብ ትንፍሽ አላለም።

«ለምን አላስረዳኸውም?» ትሉኝ ይሆናል። ማስረዳት እችል ነበር። ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ የበላሁት ደግሞ ሽቦና የራስ ቁር ብቻ ነው። ደግሞስ ልዋሽ? ደስ ብሎኝ ነበር። የሸርቆሌው ሚኒባስ ሾፌር ጋቢናውን ያስለቅቅልኛል። ዶሚኖ የሚጫወቱ ጎረቤቶቼ እኔ ሳልፍ ጠጠሩን ማንጓጓት ትተው በቀስታ ያስቀምጡታል። እንዲያው ሰው ሲከበር ለካ አካሄዱም ይለወጣል፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መሄድ ጀመርኩ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሪፖርቴ ላይ «የደረሰ አደጋ፦ የለም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ኃላፊው «ጎበዝ» ብለው ይፈርማሉ። በዚያ ሁሉ ሚስማር፣ ጣውላና ብረት መሐል ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ጣቱን አልተመታም። ይህን ሰምቶ መጠርጠር የነበረበት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም «ጎበዝ» ሲባል ደረቱን ይነፋ ነበር።

አንድ ረፋድ ሼህ ሙሳ እጅጌዬን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ያ ልጅ፣ እጁ አብጧል» አሉኝ፣ ወደ ተማሪዎቹ በአገጫቸው እያሳዩ። «ከአንተ ይደብቃል።»

ደነገጥኩ። ወዲያው ስድስቱን ወንዶች ግድግዳ ሥር ደረደርኩና «እጃችሁን ዘርጉ!» አልኳቸው። መዳፍ አገላብጬ፣ ጣት በጣት አየሁ። ልጆቹ ፊታቸው ጨው መሰለ። ለካ ቃታ የሳበ ጣት የምፈልግ መስሏቸዋል። አንደኛው አላስችል ብሎት፣ «ጋሼ፣ እኔ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፤ አባቴ አንድ አለው፣ እሱንም አስመዝግቧል» አለኝ። ያልተጠየቀ አባት ተያዘልኝ ማለት ነው።

ሼህ ሙሳ በሞኝነቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ መጡና በጣታቸው ዘነቡን አሳዩኝ። «ይሄ ልጅ!» አሉ። ለእሳቸው ወንዱም ሴቷም ልጅ ነው። ጥፋቱ የእሳቸው ሰዋስው አልነበረም፤ ሰባት ተማሪ ተሰጥቶኝ ስድስቱን የደረደርኩት እኔ ነኝ።

ዘነቡ ቀኝ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ሹራቧ ውስጥ ከትታዋለች። «ምንም አልሆንኩም ጋሼ» አለች። አሳዪኝ አልኳት። ሻሹን ፈታችው። የዛገ ሚስማር መዳፏን ከወጋት አራት ቀን ሆኖታል፤ እጇ አብጦ፣ ቀልቶ፣ መግል ይዟል።

«ምነው ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለደህንነት ይነገራል እንዴ ጋሼ?» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ፎርማኑ ለሰውዬው ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ስማችሁ ይጻፋል ብሎናል። ስሜ ተጽፎ አባቴን መጠየቅ ቢጀምሩትስ?»

አፈርኩ። እንዲህ ያለ ሐፍረት በጠላቴም አይድረስ። እኔ ጠበቅኳት ብዬ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስንጎራደድ፣ የልጅቷ እጅ ከእኔ ተደብቆ ሲመግል ነበር። የኮሌጁን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አንዴ አነበበችው፣ መልሳ አነበበችው።

«ታዲያ እርስዎ... ጤና ነዎት?»

«ጤና ነኝ» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። እጇን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ ጤና ረዳቱ ቁስሉን ከፍቶ አጠበ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋት፣ «ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ ስለዚህ እጅ ዋስ አልሆንም ነበር» አለኝ።

በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቤ እውነቱን ነገርኳቸው። የምጠብቀው ከድንጋይና ከሚስማር ነው፣ የማንንም ወሬ አልጠብቅም አልኩ። መጀመሪያ ሳቅ፤ ከዚያ አንዱ ጫማውን አወለቀ። ጥፍሩ የለም። ሌላው ሸሚዙን ገለጠ፣ ጎኑ ጠቁሯል። ሦስተኛው አናቱ ላይ ያለውን እንድዳስስለት ጎንበስ አለ። አንድም አደጋ ያልደረሰበት ግንባታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ሆኖ አረፈው።

ታዲያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነብኝ። ወሬው አቶ ታፈሰ ጋ ሲደርስ እየሳቀ መጣ። «አንተ! አንተ ሰውዬ ጤና ነህ?» አለኝ። በሕይወቴ ለዚህ ጥያቄ በኩራት «አዎ» ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ስትነሣኝ!» አለና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «በሉ ያን ሽቦ ፍቱ፣ ለብረት ማሰሪያ ያስፈልጋል። በልጥ እሰሩት።» ዘነቡን ደግሞ የተጠቀለለ እጇን እያየ፣ «አንቺ ነገ ርብራቡ ላይ ነሽ። በአንድ እጅም ይወጣል። ካልሆነ ቅጹን እርሺው» አላት።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ሼህ ሙሳም እኔን አዩኝ። ለመንኩት፣ ሳቀ። ጮህኩበት፣ የባሰ ሳቀ። ደሞዜን ከሚከፍለኝ ቢሮ ይልቅ ሲሚንቶ አቀባዩን የሚፈራ ሰው ነው፤ እኔማ ምኑ ነኝ?

የቀረኝ አንድ ሥራ ብቻ ነበር። ኮሌጁ ከደብዳቤው ጋር የላከው የአደጋ ማስታወቂያ ቅጽ፣ ከነካርቦኑ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። አወጣሁትና የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ መሙላት ጀመርኩ። የተጎጂዋ ስም፤ ሞላሁ። የጉዳቱ ዓይነት፤ ሞላሁ። ቀጥሎ ያለው መስመር «የሥራው ኃላፊ ሙሉ ስም ከነአያት» ይላል። ቀና አልኩ። ደክሞኝ ስለነበር ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አቶ ታፈሰ፣ ሙሉ ስምዎን ከነአያት ቢነግሩኝ?»

ሳቁ ቆመ። «ለምንድን ነው?»

«ለመዝገብ ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ለሚመለከተው ክፍል» አልኩት። እንዲያ ነበር የሚለው ቅጹ፣ አልዋሸሁም። «ሁለት ግልባጭም አለው።»

አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ እርስዎ... ነዎት ወይስ አይደሉም?»

«አይደለሁም» አልኩት፣ ከልቤ።

ፊቱ አመድ ሆነ። ለካ እውነተኛው «ነኝ» ብሎ አያውቅም!

ብድግ ብሎ «ያ ሽቦ ይመለስ!» ብሎ ጮኸ። ከዘነቡ እጅ የልምምድ ቅጹን ተቀብሎ፣ ክረምቱ ገና ሳይጋመስ፣ ሳያነብ ፈረመበት። «አንቺ ከእንግዲህ ታች ሆነሽ ንድፉን ትይዣለሽ፣ እጅሽ እስኪሽር» አላት፣ አባት በመሰለ ድምፅ። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ እየጠበቅኩት ነበር፤ ተመልሶ መጥቶ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና የቅድመ አያቱን ስም ጀመረ።

«ቅጹ ለቅድመ አያት ቦታ የለውም» አልኩት።

«ግድ የለም ጌታዬ፣ ጠርዙ ላይ ይያዙልኝ» አለኝ።