የአባቴ ጉርሻ በስካነር

ጥሩ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ጠብም አብሮ ገዝቶ ነው ቤቱ የሚገባው! አትሳቁብኝ፣ ስሙኝማ።

እናቴ ለአባቴ አዝካራ፣ ለሙት ዓመቱ፣ ትልቅ ፎቶ ልትሰቅል ፈለገች። "ሰዉ የሚያውቀው ታሞ ሳለ ነው። ምን የመሰለ ሸበላ እንደነበር ይዩልኝ!" አለችኝ። የወጣትነቱ ፎቶ ደግሞ ስላይድ ብቻ ነው… ወደዚህ አገር እንደመጡ ሰሞን የኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ አስተማሪያቸው ያነሳቻቸው፣ ወደ ብርሃን ካልያዟቸው የማይታዩ ሚጢጢዎች።

ስካነር ፍለጋ ወጣሁ። ርካሹ አባቴን ጥላሸት አስመሰለው። መካከለኛው ጉም ውስጥ ከተተው። ሻጩ ሦስተኛውን እየደባበሰ፣ "ጌቨርት፣ እመቤቴ፣ ይኼ የቅንድብ ፀጉር ይቆጥራል!" አለ።

"ቅንድቡን ቆጥሬ ምን ላደርገው?"

"ለእናትሽ አይደል? ለእናት ይሰሰታል?"

በእናት መጣብኝ… ገዛሁ!

ሽኩና ኣሌፍ የሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ቤት ሄጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። አባቴ ብቅ አለ! ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘርግቷል። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ እንደዚያው ቀረች።

"በግራው?!"

"ምኑ?"

"በግራ እጁ ነው የሚያጎርሰው! አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምን አደረግሽው? ቄሶቹ በሚመጡበት ቀን ባለጌ አስመስለሽ ልትሰቅይልኝ ነው?"

"እማዬ፣ ምናልባት ያኔ…"

"ዝም በይ! ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው በልቻለሁ!"

ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁ። ልብ ብዬ ሳይ፣ ከኋላው ሰሌዳው ላይ ያለው ዕብራይስጥ ተገልብጧል። ለካ ስላይዱን በጀርባው ነው ያስገባሁት! ያ ሁሉ ቅንድብ ቆጣሪ ፊትና ጀርባ አይለይም፤ ልክ እንደ ገዢዋ። አዙሬ አስገባሁት፣ ጉርሻውም ወደ ቀኝ እጁ ገባ።

"እሰይ! ይኸው ባሌ!" ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እውነትም ሸበላ ነበር።

እንባዋን ጠርጋ ወንበሯን አስጠጋች። "እስቲ ወዲህ አጉዪው… ስጎርስ ራሴንም ልየው።"

አጎላሁት። አይ ጥራት! ፊቷን አዙራ አፏን የከፈተችው ሴት ጉትቻ ሳይቀር ወለል ብሎ ታየ።

"እኔ ጉትቻ አድርጌ አውቃለሁ?"

"አ… አታውቂም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ይቺ ማናት?!"

ወገኖቼ፣ ስካነር ስትገዙ ጉም የሚያለብሰውን ውሰዱ። አዝካራው ደረሰ፤ ፎቶውም ከጉርሻው ወዲያ ያለው ተቆርጦ ተሰቀለ። እንግዶቹ እያደነቁ፣ "እንዴት ያለ ፍቅር ነው! ወደ ማን ነው እጁን የዘረጋው?" አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መለሰች፦ "ወደ እኔ ነዋ!"