የእትዬ ደብሬ ቅቤና አይብ

በሰዓቱ ደረሳችሁ፤ እህቴ ጨርቁን ልትገልጠው ነው። ግቡ፣ ተቀመጡ፤ ብቻ ያኔ መንደሩ ሁሉ እንዳደረገው ፊታችሁን አታዙሩ። የአራት ወር ሕፃን ዓይነ ምድር ነው፤ ንፍጥ ይመስላል፣ በላዩ ላይ ግን እንደ ክር የተሳበ ቀይ ደም አለ። ይበልጣል የተባለው የእህቴ ልጅ አያለቅስም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስል ጣራውን ያያል።

ሰው ሲፈራ መድኃኒት አይፈልግም፤ ጥፋተኛ ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጠውም ነገርን ከነገር ማያያዝ አቋርጬ አላውቅም። አንዲት ላም ያለቻቸው ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ እህቴ አራስ ሳለች ቅቤና አይብ ይዘው መጡ፤ ደም መጣ። ሁዳዴ ገባ። እህቴ «እመጫት ነሽ፣ ተይው» ቢሏት አሻፈረኝ ብላ ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾመች። እትዬ ደብሬ አልመጡም፤ ደሙም አልመጣም። ልጁ እንደ ዱባ ተድቦለቦለ። በፋሲካ ቅቤና አይባቸውን ይዘው ብቅ አሉ። በሦስተኛው ቀን ደሙ ተከትሎ ብቅ አለ።

«አያችሁ?» አልኩ። በቃ፣ ያልኩት ይህችኑ ነው። ቡዳ የሚለው ቃል ከእኔ አልወጣም፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ የቀረውን መንደሩ ጨረሰው። በሳምንቱ እትዬ ደብሬ ሲያልፉ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። በራቸው በጠራራ ፀሐይ ተዘጋ።

ቅዳሜ እንቁላል ልሸጥ ሞጣ ሄድኩና ታሪኩን ሻይ ቤት ውስጥ አወራሁት። ሁሉም አማተበ። ከሐረርጌ ተመድቦ የመጣ ሙክታር የሚባል ጤና ረዳት ብቻ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እናትየው ምን በላች?»

«እኔ የማወራህ ስለ ልጁ ነው!»

«እኔም የምጠይቅህ ስለ ልጁ ነው።»

እናት የበላችው በጡቷ በኩል ልጁ ዘንድ ይደርሳል አለኝ። «አንጀታችን ውስጥ ዘብ አለ፤ በሽታ ሲገባ ይዋጋል። የአንዳንድ ሕፃን ዘብ ግን ገና ጀማሪ ነው። የላም ወተት በሰላም ሲያልፍ ጠላት ይመስለውና ይተኩሳል። የሚቆስለው የገዛ ግድግዳው ነው፤ ደሙም ከዚያ ነው።» ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አብዮት ጥበቃው በየማዕዘኑ በቆመበት ዘመን ስለሚሳሳት ዘብ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሞክሩት። ጡት አታስጥሉት። እናትየው ግን ወተት የነካው ነገር አትቅመስ።»

መከራው በዓለ ሃምሳ መሆኑ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ሰሞን እህቴ የጾም ሽሮዋን ይዛ ተቀመጠች። የንስሐ አባታችን ሰምተው መጡ።

«ጌታ ተነሥቷል፤ አንቺ ማንን ልትቀብሪ ነው የምትጾሚ?»

«ይኼን እንዳልቀብር ነው አባ» አለች፣ ልጁን እያሳየች።

አባ መስቀላቸውን ልጁ ግንባር ላይ አሳርፈው ወጡ።

በሁለተኛው ሳምንት ጨርቁ ንጹሕ ሆነ። ይበልጣል ጣራውን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ።

እኔን ማየቱ ነው የከፋው። ምክንያቱም ደሙ በእርግጥም በእትዬ ደብሬ እጅ ነው የገባው፤ እሳቸው ግን ንጹሕ ናቸው። የልጁ ዘብ አይቡን ጠላት አለው፤ እኔ ደግሞ አይቡን ያመጡትን። የልጁ ዘብስ ሲያድግ ሊለምድ ይችላል ብሎኛል ሙክታር። ስለ መንደሩ ግን አልጠየቅሁትም።

ረፋዱ ላይ ሄጄ በራቸውን መታሁ። ላሟ ከደጅ ታስራ ዓይኗን አልነቅል አለችኝ። «እትዬ፣ የላም ወተት ነው ያልተስማማው፤ እህቴ ብትተወው ልጁ ድኗል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይክፈቱልኝ» አልኩ። ከሳንቃው ማዶ፣ ልክ ከጆሮዬ ትይዩ፣ ትንፋሽ ይሰማኛል። በሩ አልተከፈተም።

«እሰይ፣ እንኳን ማረው» አሉ ከውስጥ። «እሱስ ከላሜ ሲርቅ ዳነ። እኔ ከምን ልራቅ፣ ልጄ?»