የአምስት ቀኑ የሳቅ ዕቅድ

በዚህ ዓለም ያልታቀደ ነገር ቢሳካ እንኳ እንደተሳካ አይቆጠርም። ይህን ምሥጢር ጠንቅቀው ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊው በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው አርባ አራት የሩብ ዓመት ዕቅዶች አዘጋጅተዋል፤ አርባ አራቱም በሰማያዊ ክላሰር ታስረው ቢሯቸው መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል። እስከ ዛሬ አንዱንም አውጥቶ ያነበበ ሰው አልተገኘም፤ ይህም ዕቅዶቹ ምን ያህል እንከን የለሽ እንደሆኑ ያሳያል።

እኚህ ሰው ታዲያ በገዛ ቤታቸው ብርቱ ችግር ገጠማቸው። የችግሩ ቁመት ሰባ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ከስምንት ወር፣ የቤት ስሙ ድንቡሼ ነው። ድንቡሼ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷን «እማ» ትላለች፤ አያቷን «ታታ» ትላለች፤ የእናቷን የስፌት መኪና «ትርርር» ትላለች። አባቷን ስታይ ግን ትንሽ እጇን ታወዛውዝና «ቻው!» ትላለች። ሲወጡ ቻው፣ ሲገቡም ቻው። አንድ ቀን እንዲያውም ምሳ እየበሉ ሳለ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብላ ቻው ብላቸዋለች።

«ምን አድርጌያት ነው?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ።

«ምንም አላደረግካትም» አለች ሚስታቸው፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሳሎኑን እኩሌታ የያዘው የእሷ መሥሪያ ጠረጴዛ ነው። «ጠዋት ስትነሳ አንተ ጫማህን እያሰርክ ነው። ‹ቻው በይው› እንላታለን። ሌላ መቼ አይታህ ታውቃለች? ስምህ መስሏታል እኮ።»

«ስሜ?»

«አዎ። ቻው የሚባል ሰውዬ በየጠዋቱ እዚህ ቤት ጫማ ያስራል።»

ኃላፊው ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ቅር እንዳላቸው ለማንም አልተናገሩም። ልጅቷ አንድ ቀን በእሳቸው ምክንያት ከት ብላ ብትስቅላቸው፣ አርባ አራቱንም ክላሰር በደስታ ይሰጡ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ጉዳይ በስሜት አይፈታም። የአምስት ቀን ፈቃድ ሞሉና «የአባትና ልጅ መቀራረብ የአምስት ቀን ዕቅድ» የተሰኘ ባለ ዘጠኝ ገጽ ሰነድ አረቀቁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኃላፊው ናቸው፤ ጸሐፊዋ ሚስታቸው፣ አባሏ ደግሞ አብረዋቸው የሚኖሩት አማታቸው ናቸው። የዕቅዱ ተጠቃሚ በአያቷ ጭን ላይ ሆና የእግሯን አውራ ጣት ትጠባለች።

«የዕቅዱ ዋና ግብ» ሲሉ ኃላፊው አነበቡ፣ «እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ከሕፃኗ አንደበት ለአባት የሚውል፣ ከቻው የተለየ ቢያንስ አንድ ቃል ማግኘት፣ እንዲሁም በቀን በአማካይ ሦስት ሳቅ ማስመዝገብ ነው።»

«ሳቁ ምን ዓይነት ነው?» አሉ አማታቸው።

«እንዴት ምን ዓይነት?»

«ፈገግታም አለ፤ ከት ማለትም አለ፤ መንከትከትም አለ።»

ኃላፊው ብዕራቸውን አወጡ። «በጣም ገንቢ አስተያየት ነው፣ እማማ። ፈገግታ እንደ ግማሽ ሳቅ ይያዛል።»

«አይ አንተ ልጅ! ዝም ብለህ መሬት ላይ ቁጭ ብትልላትስ?»

«እሱማ አለ፣ እማማ» አሉ ኃላፊው፣ ገጽ ሰባትን ገልጠው እያሳዩ። «ሐሙስ ነው።»

ሰኞ የፍላጎት ዳሰሳ ቀን ነበር። ኃላፊው ደብተራቸውን ይዘው ሳሎኑ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ድንቡሼ የድስት ክዳን እየጎተተች መጥታ ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው፤ ከዚያም ቀና ብላ ጠበቀች።

«ቆይ የኔ ቆንጆ» አሏት በትሕትና። «ዛሬ ዳሰሳ ላይ ነን።»

ክዳኗን ወሰደችና «ቻው!» ብላ ሄደች። በአንድ እግር ካልሲ ተመለሰች። ቀጥሎ በእንጨት ማንኪያ፣ ቀጥሎ ደግሞ በያዘችው ነገር ተስፋ ቆርጣ መሰለኝ ባዶ እጇን መጣች። እስከ ምሳ ድረስ ሰባት ጊዜ ተመላልሳ ሰባት ጊዜ ተሸኘች። ኃላፊው በደብተራቸው ላይ «ሕፃኗ ለጨዋታ ከፍተኛ ፍላጎት እንዳላት በጥናት ተረጋግጧል» ብለው ጻፉ።

«ታዲያ ለምን አልተጫወትክም?» አለች ሚስታቸው።

«ፍላጎቷን እያጠናሁ ነዋ!»

ማክሰኞ የዲዛይን ቀን ነው። ጥናቱ ለልጅቷ የሚያስፈልጋት የራሷ ቤት መሆኑን ስላመለከተ፣ ከምድር ቤት ጎረቤታቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካርቶን ለምነው ሁለት ፎቅ ተሸክመው ወጡ። በሚስታቸው ሜትር ለኩ፤ ለበር፣ ለመስኮትና ለመስኮት መዝጊያ ንድፍ አወጡ። ልጅቷ ሜትሩን ከወዲያ ጫፍ ይዛ ስትጎትት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስሕተት ስለተፈጠረ ወደ መኝታ ቤት እንድትዛወር ተደረገ።

ረቡዕ ግንባታው ተጀመረ። ቢላዋ፣ ሙጫ፣ ቀለም ቀረበ። ድንቡሼ ደጋግማ ወደ ካርቶኑ ልትገባ ስለሞከረች ኃላፊው በትልልቅ ፊደል «በግንባታ ላይ ነን፤ መግባት ክልክል ነው» ብለው ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉ። ልጅቷ ማስታወቂያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ገንጥላ አኘከችው።

«እዚህ ቤት ሕግ የሚያከብር የለም!» አሉ ኃላፊው።

«የእናንተን መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ እንዲህ ከልቡ የወሰደው ሰው ግን አለ?» አሉ አማታቸው፣ ወረቀቱን በጣታቸው ከልጅቷ አፍ እያወጡ።

ሐሙስ መሬት ላይ ቁጭ የሚባልበት ቀን ነበር፤ ነገር ግን ቀለሙ አልደረቀም። ኃላፊው ጨዋታው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወደ ዓርብ መዛወሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው ለሚመለከታት አካል ጮክ ብለው አነበቡላት። እስከዚያ ሰዓት የተመዘገበው ሳቅ ባዶ፣ ፈገግታ አንድ ነበር፤ እሱም የተፈገገው ለስፌት መኪናው ነው። ያን ቀን ኃላፊው ሥራ አለኝ ብለው መስኮት አጠገብ ቆመው ቆዩ። ሥራ ግን አልነበራቸውም፤ ከፍቷቸው ነው።

ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ምረቃው ሆነ። ከሚስታቸው የጨርቅ ቁርጥራጭ ቀይ ጥብጣብ ተዘጋጀ። ኃላፊው ከረባት አስረው ንግግራቸውን ጀመሩ። «ይህ የምትመለከቱት ካርቶን ካርቶን ብቻ አይደለም» አሉና የቤቱን ራእይ፣ ተልዕኮና እሴቶች ለሃያ ደቂቃ ያህል ዘረዘሩ። የዕቅዱ ተጠቃሚ በአያቷ ጭን ላይ ዓይኗን ታሽ ነበር። ጥብጣቡ ሊቆረጥ ሲል ግን ኃላፊው ገጽ ስምንትን አስታወሱ፤ ማንኛውም ግንባታ የደህንነት ፍተሻ ሳይደረግለት አገልግሎት አይሰጥም። ፈታሽ ደግሞ ከእሳቸው በቀር የለም።

በጥብጣቡ ሥር አጎንብሰው በጭንቅላታቸው ገቡ፤ ትከሻቸው ገባ፤ ቦርጫቸው ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ገባ። ውስጥ ሆነው እንደምንም ዞሩ። ሊወጡ ሲሉ ግን ከረባታቸው በሩ ሙጫ ላይ ተጣብቋል፤ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ገጥሟል።

«ውጣ እንጂ!» አለች ሚስታቸው።

«አልችልም።»

«ታዲያ ቅደደውና ውጣ!»

«እንዴት ይቀደዳል? ገና አልተመረቀም እኮ!»

እንግዲህ ካርቶን ውስጥ የተቀረቀረን ሰው አንቱ ማለት ለአፍም ስለሚከብድ፣ ከዚህ በኋላ «እሱ» እያልን ብንቀጥል አንባቢ ይቅር ይለናል። ሰውዬው አየር ሲያጥረው የመስኮቱን መዝጊያ ገፋ አድርጎ ፊቱን አወጣ። ፊቱ ቀልቷል፤ አፍንጫው ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ።

ድንቡሼ ከአያቷ ጭን ተንሸራታ ወረደች። መስኮቱ ለእሷ ቁመት የተለካ ስለነበር የአባቷ ፊት ከእሷ ፊት ትክክል ሆኖ አገኘችው። ያለ ጫማ፣ ያለ ቦርሳ፣ ፊት ብቻ። አፍጥጣ አየችው። ከዚያ መዝጊያውን በመዳፏ ገፍታ ዘጋችበትና «ቻው!» አለች።

ሰውዬው ጨለማው ውስጥ ልቡ ስብር አለ። ያው እንደ ሁልጊዜው ነው ብሎ አሰበ፤ አምስት ቀን፣ ዘጠኝ ገጽ፣ ያው ቻው። ሆኖም መዝጊያው ቀስ ብሎ ተከፈተ። አንዲት ትንሽ ዓይን አጮለቀች። ቻው የሚባለው ሰውዬ አልሄደም! እዚያው ነው!

የልጅቷ አፍ ተከፈተ። «ቻው!» ብላ ዘጋች፤ ከፈተች፤ አሁንም አለ። ያኔ ከሆዷ ተነስቶ ከት ያለ ሳቅ መጣ፤ እንዲያ ስትስቅ ራሷን መሸከም አቅቷት በቂጧ ቁጭ አለች። ተነስታ ዘጋች፤ ከፈተች፤ ተንከተከተች። ጸሐፊዋ እስከ ዘጠኝ ሳቅ ድረስ በታማኝነት መዝግባ እርሳሱን ጣለችው። ሰውዬውም ሳቀ፤ እንባው አረንጓዴውን ቀለም ይዞት ወረደ። ትንሽ ፋታ ወስዶ ዝም ሲል ልጅቷ መዝጊያውን በጥፊ መታችና «እደና!» አለች።

«ምን አለች?» አለ ከውስጥ።

«እንደገና ነው የምትለው» አሉ አማቱ። «ላንተ ነው፤ ቃልህን ተቀበል።»

ከዚያ ድንቡሼ በመስኮቱ ልትገባበት ተንጠለጠለች፤ ቤቱ በአንድ ጎኑ ተኛ፤ ጣሪያው ተቀደደ፤ አባትና ልጅ ተቃቅፈው ከፍርስራሹ ወጡ። ጥብጣቡን ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ኃላፊው ወደ ቢሯቸው ሲመለሱ አንቱታቸውም አብሯቸው ተመለሰ። ስለ ቤታቸው ዕቅድ ያቀረቡት ሪፖርት «በዳሰሳው ጥልቀትና በዲዛይኑ ጥራት ዕቅዱ ከመቶ በመቶ በላይ ተሳክቷል፤ ግንባታውም አገልግሎቱን በተያዘለት ጊዜ አጠናቅቋል» ይል ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ሳያነቡ በጣም ወደዱት። ይህን የመሰለ ተሞክሮ አንድ ቤት ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትምና ኃላፊው ለስድስት ሳምንታት በየቅርንጫፉ እየዞሩ «የአባት በቤት መገኘት ያለው ጠቀሜታ» በሚል ርዕስ ሥልጠና እንዲሰጡ ተመደቡ።

ደብዳቤውን ለሚስታቸው በኩራት አነበቡላት።

«ስድስት ሳምንት?» አለች። «ከልጆቻችሁ አትራቁ ለማለት ከልጅህ ልትርቅ ነው?»

«ተሞክሮ ማስፋፋት እኮ ነው።»

«ይሁን። ለድንቡሼ አንተ ንገራት» ብላ ፊቷን ወደ ስፌቷ መለሰች።

የጉዞው ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ መኪና ደጅ ቆሟል፤ የሥልጠናው ሰነዶች ተጭነዋል። ኃላፊው ጫማቸውን አሰሩ፤ ልጃቸውን ግንባሯን ስመው «ቻው» አሉና በሩን ከውጭ ዘጉት። ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። ልጅቷ በሩ እንዲከፈት እየጠበቀች ነበር። አንድ ደረጃ ወረዱ። ሳቁ ቆመ። ሁለት ደረጃ ወረዱ። ትንሽ መዳፍ በሩን መታ።

«እደና!»

ሦስተኛውን ደረጃ መውረድ አልቻሉም። ተመልሰው በሩን ከፈቱ፤ የልጅቷ ፊት በራ፤ እንደዚያ ቀን ተንከተከተች። እንደገና ዘጉ፤ እንደገና ከፈቱ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሲቸግረው ወጥቶ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመ፤ የዕቅድና ክትትል ኃላፊው ጭንቅላታቸውን ብቻ በበሩ አስገብተው ሲያጮልቁ አገኛቸው።

«ጌታዬ፣ እየረፈደ ነው።»

«መጣሁ፣ አንዴ ብቻ።»

«ዕቅዱ ላይ መኪናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፣ ማንንም አይጠብቅም ይላል። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ሾፌሩ ሕግ አክባሪ ስለነበር በሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰነዶቹን ይዞ ሄደ። አንቱታው ከሰነዶቹ ጋር የሄደበት አባት የሞተሩን ድምፅ ሰማ፤ ጫማውን ፈታ። ከነገሩ ሁሉ በፊት ግን ጨዋ ሰው ነውና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደወለ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አልሄድኩም፤ ቤቴ ነኝ።»

«ጎሽ! ሥልጠናው እንዴት ይዞሃል?»

«አልሄድኩም ነው የምልዎት።»

«በርታ፣ በርታ! በሪፖርቱ እናየዋለን» ብለው ዘጉት።

ስድስት ሳምንት ሙሉ በወረቀት ላይ መስክ ላይ ስለነበረ የፈለገው ሰው የለም። ሦስት ካርቶን ቤቶች ተሠርተው ፈረሱ፤ አንዳቸውም አልተመረቁም። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ የሥልጠናው ማጠቃለያ ሪፖርት ከምስክር ወረቀት ጋር ቤቱ ድረስ ተላከለት። እሱ ከጠረጴዛው ሥር ተደብቆ ስለነበር ሚስቱ ጮክ ብላ አነበበችለት። ሥልጠናው በሁሉም ቅርንጫፎች በታቀደው መሠረት ተካሂዷል፤ ከሠልጣኞቹ ዘጠና ስምንት በመቶው በአሠልጣኙ ብቃት እጅግ ረክተዋል።

«ሁለት በመቶዎቹስ?» አለ ከጠረጴዛው ሥር፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

ሚስቱ ገጹን ገለጠች። «አሠልጣኙ ንግግር ያበዛል ብለዋል።»