ለቅሶ የቀረ ወዮለት

ጋዜጣ አዘጋጅ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሆኽስት ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ታደሰ የሐበሻ ማኅበራችንን ጋዜጣ ለብዙ ዓመት ሲያዘጋጁ፣ ለቅሶ የቀረን ሰው በስሙ ጠርተው ያወጡት ነበር። ሌላው አዘጋጅ ሚኒስትር ይነቅፋል፤ እሳቸው እኛን! ስንት ቀን ትኩሳት ይዞኝ፣ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር፣ በኤስባን ባቡር ኒድ ሰፈር ድረስ ሄጄ ለማላውቀው ሰው አልቅሻለሁ። እያለቀስኩም ዓይኔ እሳቸው ላይ ነው፤ አይተውኛል ወይስ አላዩኝም?

ታዲያ ፓርቲያቸው ለላንድታግ፣ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ሲያጫቸው እንደኛ የቀሰቀሰ ማን አለ? ምክር ቤቱ ያለበት ቪስባደን ሄደው ሕግ ሲያወጡ እኛን ይረሱናል ብለን ነዋ! ተመረጡ፤ እፎይ አልን።

በቀደም ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ያለ ጓደኛችን እናቱ አርፈውበት ለቅሶ ተቀመጠ። ሁላችንም ደረስን፤ ጋሽ ታደሰ ግን ምክር ቤት ስብሰባ ስለነበራቸው ቀሩ። በማግስቱ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ መቅረቴን ሰው አወቀ?»

«ጋሼ፣ አንቱ እኮ የሕዝብ ተወካይ ነዎት። ማንን ይፈራሉ?»

«ጋዜጣውን ለማን እንዳስረከብኩ ረሳኸው?» አሉ በሹክሹክታ።

አልረሳሁም። ያስረከቡት ለባለቤታቸው ለእትዬ አልማዝ ነው።

«ታዲያ አይለምኗቸውም?»

«ለመንኳት። ‹እኔ ታምሜ ለቅሶ የቀረሁ ጊዜ ስሜን ሳታወጣ ትተኸኝ ነበር?› አለችኝ።»

ስልኩን እንደያዝኩ የሳክሰንሃውሰኑን ለቅሶ ቤት አስታወስኩ፤ እትዬ አልማዝ በሩ አጠገብ ነበሩ። አይተውኛል ወይስ አላዩኝም?