ከሼር በፊት ያጣሩ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። በዚያ በኢሕአዴግ ዘመን ለእኛ አፋፉ የሚታየን ቃሉ ከአፋችን ሳይወጣ ነበር። ስለ ዝናብ እየተወራ እንኳ «ዘንድሮስ ከበደ!» ያለ ሰው ግራ ቀኙን አይቶ «ዝናቡን ማለቴ ነው» ይላል። አትፍረዱብን፤ እናንተም ብላችሁታል።

ሐዋሳ ውስጥ የነበረው ትንሽ ማኅበራችን፣ ወጣቶች ፌስቡክን ለዴሞክራሲና ለመብታቸው እንዲጠቀሙበት ማሠልጠን አማረው። ችግሩ፣ ገንዘቡን ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር እነዚህን ሁለት ቃላት እንዳይነካ ሕግ ወጥቷል። ስለዚህ አሠልጣኛችን መሠረትና እኔ የጥሪ ማስታወቂያውን ይዘን ቁጭ አልን። መጀመሪያ «ዴሞክራሲ» ወጣ። «መብት» ተከተለው። «ዜጋ» የሚለውም ዓይኑ አላማረንም። ፌስቡክ ራሱ ሰሞኑን ስሙ ከፍቶ ስለነበር እሱንም ሸኘነው። ተቆርጦ ተቆርጦ የቀረው «ከሼር በፊት ያጣሩ! ነፃ ሥልጠና» ብቻ ሆነ። ያልተጣራ ወሬ አታሠራጩ ማለታችን ነው። ይህን ማን ይከሳል ብለን መናኸሪያ አካባቢ ለጠፍነው።

በሳምንቱ ከአንድ የመንግሥት ቢሮ ለመሠረት ተደወለላት፤ «ስለ ማስታወቂያው ትፈለጊያለሽ!» ፊቷ አመድ መሰለ። እሷ ከታሰረች ማኅበሩም አበቃለት። አብሬያት ሄድኩ።

ኃላፊው አቶ ወልዴ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ማስታወቂያችንን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁን።

«ልጄ፣ ሼር የምትሸጡት በማን ፈቃድ ነው?»

«አቤት?» አለች መሠረት።

«የባንክ ነው የሲሚንቶ? ሕዝቡ እኮ ያለችውን ጥሪት ነው የሚያወጣው!»

ለካ ሼር ሲሉ አክሲዮኑን ነው! ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? «አዎ፣ ሸጠናል፣ ይቅጡን» ልል ምንም አልቀረኝ። የነጋዴ ጥፋት በመቀጫ ያልቃል፤ የኛው ግን ማለቂያው አይታወቅም።

መሠረት ግን መዋሸት አይሆንላትም። «የምንሸጠው የለም፣ ጋሼ። ሰው ፌስቡክ ላይ ያየውን ሳያረጋግጥ ለሌላ እንዳያስተላልፍ ነው የምናስተምረው። ማስተላለፉን ነው ሼር የምንለው።»

«ካረጋገጠስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው ሰው የሚያስበላ። በእግሬ ጎሸም አደረግኋት።

«ካረጋገጠማ ያስተላልፋል። የሚመለከተው ክፍል እንዲሰማ።»

አቶ ወልዴ ተነሥተው በሩን ዘጉ። አለቀልን አልኩ። ተመልሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኛ ሰፈር፣ ታቦር፣ ውሃ ከጠፋ ሰነበተ። እስቲ አጣሩና ሼር አድርጉት። አደራ፣ ከእሱ ሰማን እንዳትሉ!»

ተሰናብተን ወጥተን ባጃጅ ያዝን። ከዚያ መሠረት ሳቋን ለቀቀችው፤ እኔ ደግሞ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አለቀስኩ። እፎይ ማለት ለካ እንባ አለው።

በማግሥቱ ታቦር ወጥተን አየን፤ እውነትም ቧንቧው ደርቋል። ጽፈን ለቀቅነው። ከሁሉ ቀድሞ ላይክ ያደረገን ፎቶ የሌለው፣ ስሙን «ውሃ ሕይወት ነው» ያለ ሰው ነበር። እኛም ማን ነህ አላልነውም።