«ጊንጪ ገብተናል!»

እየነዱ ስልክ ማውራት የሚከለክለውን ሕግ ያረቀቁት ሰዎች፣ እምላለሁ፣ አማት የላቸውም! ቢኖራቸው ኖሮ «የደወለው አማት ከሆነ ግን…» የምትል አንዲት አንቀጽ ጣል ያደርጉልን ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለታናሽ ወንድሜ ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ጭኜ ከአምቦ ወደ ጊንጪ ተነሳሁ። የልጅቷ አባት ኦቦ ለሚ ማርፈድ አይወዱም። «ሦስት ሰዓት ካለፈ በሬ ዝግ ነው» ብለዋል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው እኛ ገና አምቦ ነን! ሽማግሌ መሰብሰብ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ አንዱን ከቤቱ ስታወጡት ሌላው ቁርስ ሊበላ ይመለሳል።

ከከተማው ሳንወጣ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ለሚ! አላነሳ ነገር ንቀት ነው፣ ላንሳ ብል ሕግ አለ… አጠገቤ የተቀመጡት የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ገመቹ ግን አላመነቱም። ስልኩን አንስተው ጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ለሚ?» አልኩ። ሰላምታው ቤተሰቡን ጨርሶ ከብቶቹ ጋ ደረሰ።

«ለመሆኑ የት ደረሳችሁ?»

«ጊንጪ ገብተናል!»

ምን ታፈጡብኛላችሁ? እናንተስ ቤት ቁጭ ብላችሁ ካልሲ እያጠለቃችሁ «ታክሲ ውስጥ ነኝ» ትሉ የለ እንዴ!

ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። አንዲት ወጣት ትራፊክ ፖሊስ አስቆመችን።

«መንጃ ፈቃድ!»

ኦቦ ገመቹ ተቆጡ። «ልጄ፣ ስልኩን የያዝኩት እኔ፤ የሱ እጅ መሪው ላይ ነው። ሕጉ ምን ጎደለበት?»

«አባባ፣ ጆሮውስ የማን ነው?»

«ሄሎ! ማን ናት የምታወራው?» አለ ስልኩ። ለካ አልተዘጋም! ኦቦ ገመቹ በድንጋጤ ድምፅ ማጉያውን ነክተውታል። በዓይኔም በቅንድቤም ለመንኳት፤ እሷ ግን ስልኩን ተቀበለቻቸው።

«ትራፊክ ነኝ አባባ።»

«ጊንጪ የቱ ጋ ነሽ?»

«ኧረ አምቦ ነኝ! እነሱም አምቦ ናቸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በአንድ ቃል የወንድሜን ትዳር ገደል ከተትኩት! ኦቦ ለሚ ግን እኛን ትተው እሷን ጠየቁ፤

«ኢንተላ ኮ… ልጄ፣ አግብተሻል?»

«እ? አላገባሁም።»

«ኦቦ ገመቹ! እኔም ያልዳርኩት ወንድ ልጅ አለኝ። እንዲህ እውነት የምትናገር ልጅ ከየት አገኛለሁ? አምቦ ካላችሁ አይቀር አባቷ ዘንድ ግቡና ለኔ ልጅ ጠይቁልኝ። እሷ እሺ ካለች የናንተንም ጉዳይ እናያለን።»

ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ወዲያው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔማ «እህቴ፣ በናትሽ እሺ በይ!» እያልኩ ልንበረከክ ምንም አልቀረኝ።

እሷ ስልኩን ለኦቦ ገመቹ መልሳ ቅጣቱን ጽፋ ጨረሰች። ወረቀቱን ሰጠችኝና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ልጅዎ እየነዳ ስልክ ያነሳል?»

«ኧረ እሱ ቆሞም አያነሳም!»